ከስድሳ አራት ወዲያ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በሩ ላይ የቆምሽው፣ ነፋሱን ዘግተሽ ግቢና ተቀመጪ። ዛሬ የማወራችሁ የጅብ ወይም የጭራቅ ተረት አይደለም፤ ግን ከጅብ ይብሳል። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ይሄ ግን ሰው እየሳቀ፣ እየተጫወተ፣ በጠራራ ፀሐይ ድምፁን አጥፍቶ የመጣ ነገር ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅ ስላችሁ ሠላሳውን ያለፈች ናት፤ ግን የቤቱ የመጨረሻ ስለሆነች አባቷም ወንድሟም እስከ ዛሬ "ሚጡ" ነው የሚሏት። እኛም ሚጡ እንበላት። ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። እናንተ ኮምፒውተር ሲባል የምታውቁት ስክሪኑን፣ ጨዋታውን፣ ፎቶውን ነው። እሷ የምትሠራው ከዚያ ሁሉ ሥር ያለውን ነው። ከርነል ይሉታል። ማንም አያየውም፤ ሁሉን የሚያዘው ግን እሱ ነው። የትኛው ፕሮግራም የት እንደሚያርፍ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚሠራ የሚቆርጠው እሱ ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ መጋረጃውን ያደንቃል እንጂ መሠረቱን "እንዴት ያምራል" አይልም። የሚጡም ሥራ እንደዚያ ነበር። የምትታወሰው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ የሚያስቡ፣ የሚደምሩ የሚቀንሱ ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮሰሰር ይባላሉ። ድሮ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ አራት ሆኑ፣ እያሉ እያሉ ተባዙ። ይሄን የነሚጡን ከርነል መጀመሪያ የጻፉት ሰዎች ቁጭ ብለው አሰቡና "መቼም ከስድሳ አራት አያልፉም" አሉ። ስድሳ አራት ያሉትም በዘፈቀደ አይደለም። ኮምፒውተሩ ባንድ እጁ አንስቶ የሚይዛት ቁጥር ውስጥ ስድሳ አራት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ ሳጥን ሰጡት። ሳጥኑ ላይ ምልክት ካለ "አንተን ነው" ማለት ነው፤ ባዶ ከሆነ "አንተን አይመለከትም"። ሁሉንም መጥራት ሲያምራቸው ሳጥኖቹን በሙሉ ምልክት ይሞሏቸዋል። ቀላልና ፈጣን ነበር። ለብዙ ዘመንም ማንም በዚያ አልተቸገረም።

ታዲያ በዚያ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል አዲስ ማሽን ገዛ። እያንዳንዱ በሽተኛ አጠገብ የልብ ምቱንና ትንፋሹን የምትቆጥር አንዲት ትንሽ ሣጥን መሰል መሣሪያ አለች። መሣሪያዎቹ የቆጠሩትን ወደ ትልቁ ማሽን ይልካሉ፤ ማሽኑ ደግሞ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን ያሳያል። አንዱ ልብ ከደከመ ያ ስክሪን ይጮኻል። አልጋው አጠገብ ያለችው መሣሪያ ግን ድምፅ የላትም። በሽተኞቹ እንቅልፍ አጡ ተብሎ የሁሉም ድምፅ ተዘግቷል፤ የሆስፒታሉ ልማድ ነው። ጩኸቱ የነርሶቹ ጠረጴዛ ብቻ ሆነ። ይቺን ልብ በሉልኝ።

አዲሱ ማሽን የፕሮሰሰሩ ብዛት መቶ ሃያ ስምንት ነው። ከርነሉን ጭነው ሲያስነሱት ግን ስድሳ አራቱ ብቻ ሥራ ያዙ። የቀሩት ሥራ ፈተው ተጎለቱ። የሆስፒታሉ ሰዎች "እኛ የገዛነው ግማሽ ማሽን ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡ። የሚጡ አለቃ ጠራት።

"ገደቡን ከፍ አድርጊልን" አላት። "ስድሳ አራት የሚለውን ሰርዞ መቶ ሃያ ስምንት ማለት አይደለም?"

"ቁጥሯን መቀየሩማ አንድ መስመር ነው" አለች ሚጡ። "የሚያስፈራኝ ቁጥሯን አምነው የተቀመጡት ናቸው።"

"እነማን ናቸው እነሱ?"

"እሱን ባውቅማ አልፈራም ነበር።"

ሥራዋን ጀመረች። አንዱን ረድፍ ሳጥን ሁለት ረድፍ አደረገችው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ኮድ ውስጥ ስለ ገደቡ የሚያወራውን፣ የሳጥኑን ስም የሚያነሳውን መስመር ሁሉ እየፈለገች አንድ በአንድ አስተካከለች። የጻፈችውን እየተከተለ የሚያይላት አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ነበራት። ማሽኖቹ የሚቀመጡበት ክፍል ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ካፖርት ለብሶ ይገባል፤ ሲወጣም ማውለቁን ይረሳዋል። በዚህ የተነሳ ስሙ ጋሽ ካፖርት ሆኖ ቀረ።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ፕሮሰሰሮቹን አንድ በአንድ ጠሯቸው፤ ልክ አስተማሪ ስም እንደሚጠራው። የመጀመሪያው "አቤት" አለ። ስድሳ አምስተኛው "አቤት" አለ። የመጨረሻውም "አቤት" አለ። ሥራ ሰጧቸው፤ ሠሩ። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። ሚጡ ግን አላጨበጨበችም።

"ምነው ፊትሽ?" አለ ጋሽ ካፖርት። "የሞተ ሰው አለ እንዴ?"

"የለም። ሁሉም አቤት አሉ።"

"ታዲያ?"

"እንጃ። ቀለለብኝ።"

"ሲከብድሽ ታማርሪያለሽ፣ ሲቀልልሽ ትፈሪያለሽ። አንቺን ያገባ ሰው ምን ሊሆን ነው?" አለና ሳቀ። እሷም ለወጉ ሳቀች።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ማሽኑ ሥራ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት አባቷ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ልብ የሚታከምበት ሆስፒታል ያው እሱ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ከዚያ ሐኪሙ፣ "አሁን የሚፈለገው ልባቸውን ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ ነው" አለ። የሚጠብቀው ያ ማሽን ነው።

ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጡ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አልጋዎቹ በሁለት ወገን ተደርድረዋል፤ ወለሉ የመድኃኒት ሳሙና ይሸታል። ታላቅ ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። አባቷ ትራስ ተደግፈው፣ ጎናቸው ያለውን በሽተኛ ይዘው ወሬ ላይ ናቸው።

"ይህችውልህ፣ መጣች! ያቺ ያልኩህ ልጄ። ነርሶቹ ጋ ያለውን ማሽን የሠራችው እሷ ናት።"

"አባባ፣ ማሽኑን እኔ አልሠራሁትም።"

"ውስጡን ነው የሠራችው" አሉ ለጎረቤታቸው። "ውጩንማ ማንም ይሠራዋል።"

"ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናቸው" አለ ወንድሟ። "መርፌ የሚወጋቸውን፣ ወለል የምትጠርገውን፣ አንዱንም አላስቀሩም። ልባቸውን የጠገኗት ሐኪሞች እንኳን እንዳንቺ አልተወደሱም።"

"ቀናህ" አሉት አባቱ።

"የምቀናው ብርቱካኑን እኔ እየላጥኩ ምስጋናውን እሷ ስትበላ ነው እንጂ!"

አባቷ ሳቁ፤ ሲስቁ ደረታቸውን ያዝ አደረጉ። አጠገባቸው ባለችው መሣሪያ ላይ ቁጥሯ ከሰማንያ ወደ ዘጠና ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ወረደች። ሚጡ ትክ ብላ አየቻት። ልባቸውን በዓይኗ ያየች መሰላት፤ ደስም አላት።

"አንድ ትራስ ለምኚልኝ" አሏት።

ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄደች። ዋናዋ ነርስ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚሏት፣ ስልክ ላይ ነበረች። ሚጡ እየጠበቀች ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። የአባቷን አልጋ ፈለገች። ሰባ አንድ ይላል።

ሰባ አንድ? አሁን ሰማንያና ዘጠና አልነበረም እንዴ? ዘግይቶ ይሆናል ብላ ቆመች። ሰባ አንድ። አሁንም ሰባ አንድ። ከጎኑ ያለው አልጋ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሰባት እያለ ይወዛወዛል፤ የሰው ልብ እንዲያ ነው፤ አንድ ቦታ አይረጋም። የአባቷ ግን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ደርቋል። ከሱ በታች ያለውን አየች፤ ይንቀሳቀሳል። በመስኮቱ በኩል ያለውን አየች፤ ስድሳ ስድስት፤ ደርቋል። ሌላ፤ ይንቀሳቀሳል። ሌላ፤ ደርቋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ግን ሰላም ነው፤ ሰከንዱን ይቆጥራል። ስክሪኑን ያየ ሰው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል።

ሚጡ ክው አለች። ከመደንገጧ የተነሳ ትራሱን ረስታ ወደ ደረጃው ወጥታ ለጋሽ ካፖርት ደወለች።

"ጋሽዬ፣ የሆስፒታሉን ማሽን ከዚያ ሆነው ይዩልኝ" አለች። "አንዳንድ አልጋ ቆሟል። ቁጥሩ የቆየ ነው።"

"የስክሪኑ ፕሮግራም ይሆናል፤ እኛን ምን አገባን?"

"የቆሙት የትኞቹ ፕሮሰሰሮች ላይ እንደሚሠሩ ብቻ ይዩልኝ። እባክዎ።"

ቁልፍ ሲነካ ይሰማታል። ከታች አንድ ተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋ ጎማው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

"ሚጡ" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። "የቆሙት በሙሉ ከስድሳ አራት ወዲያ ናቸው።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሥራው እንዲቀለጥፍለት ዕቃው፣ ማለትም የሚያነበው ቁጥር፣ የት እንዳለ አድራሻውን ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ከርነሉ ዕቃውን ከቦታ ቦታ ሲያዛውር ታዲያ ይጣራል፦ "ሁላችሁም! አድራሻው ተቀይሯል፤ የድሮውን ጣሉ!" ይሄን ጥሪ የጻፈው የድሮ ሰው የሳጥኖቹን ስም አላነሳም፤ ስለ ገደብም አላወራም። "ኔጌቲቭ አንድ" ብሎ ብቻ ጻፈ። ያቺ ቁጥር ሳጥኖቿ በሙሉ የተሞሉ ስለሆነች እነሱ ዘንድ "ሁሉም" ለማለት የተለመደች አቋራጭ ናት። የዚያን ጊዜ እውነትም ሁሉም ማለት ነበረች። ሚጡ ሁለተኛውን ረድፍ ስትጨምር ግን ያቺ ጥሪ የፊተኛውን ረድፍ ብቻ ሞልታ ቀረች። የኋለኞቹ ፕሮሰሰሮች በስማቸው ሲጠሩ "አቤት" ይላሉ፤ ሥራ ሲሰጣቸው ይሠራሉ፤ "ሁላችሁም" ሲባል ግን አይሰሙም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እነሱም ያንን የድሮ አድራሻ ይዘው፣ ዕቃው ከተነሳበት ባዶ ቤት የቀረውን የቆየ ቁጥር እያነበቡ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላሉ።

ስልኩን አለቃው ተቀበለ።

"ሚጡ፣ ስሚኝ። ለማንም እንዳትተነፍሺ። አሁን እናስተካክለዋለን፤ ከዚያ ለጥገና ነው ብለን ማሽኑን አጥፍተን እናስነሳዋለን።"

"እስኪስተካከል ምን ያህል ይፈጃል?"

"እንሞክረው አይደል? ሳይሞከርማ አይጫንም። ነገ።"

"ነገ! እስከ ነገ እነዚህ ሰዎችስ?"

"ነርሶች አሉ አይደል?"

"ነርሶቹ የሚያዩት ስክሪኑን ነው!"

"አሁን ብትናገሪ ክፍሉ በሙሉ ይሸበራል። ደግሞ ያንቺ ሥራ፣ የኔ ሥራ፣ የዚህ ሁሉ ሰው መተዳደሪያ ገደል ነው የሚገባው። አስቢበት።"

አሰበችበት። ልጆቼ፣ ሰው ሲፈራ የሚያስበው ነገር ሁሉ አያምርም። "አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ መሣሪያዋ ላይ ዓይኔን ብተክል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገ ይደርሳል" ብላ አሰበች። የራሷን ሰው ማትረፍ ትችላለች። ወንድሟም ተራ ይይዝላታል። ይሄን ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ ለመናገር አልነበረም።

ወደ አባቷ አልጋ ስትሄድ በመስኮቱ በኩል አለፈች። እዚያ አንዲት ትንሽ፣ ቀጭን እናት ተኝተዋል። አጠገባቸው ወንበር አለ፤ የተቀመጠበት ሰው ግን የለም። ስክሪኑ ላይ ስድሳ ስድስት የሚሉት እሳቸው ናቸው። ሚጡ ሳታስበው መሣሪያቸውን አየች። አርባ ዘጠኝ። ቆማ ሳለች አርባ ሰባት ሆነች።

እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው "ነርስ ነሽ?" አሏት።

"አይደለሁም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ነርስ ጥሪልኝ። ደህና አይደለሁም መሰለኝ፤ ብቻ እንዳላስቸግር ብዬ ነው።"

እንዳላስቸግር! ሚጡ በሆዷ የያዘችው ነገር ሁሉ በዚያች ቃል ፈረሰ። በመተላለፊያው ሮጠች።

"ሲስተር! በመስኮቱ በኩል ያሉት እናት ልባቸው ወርዷል።"

ሲስተር ስክሪኑን አየች። "ስድሳ ስድስት እኮ ነው፤ አትደንግጪ።"

"ስክሪኑ ይዋሻል። ግማሹ አልጋ ውሸት ነው። ከሥሩ ያለውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የኔ ነው። እባክሽ ሄደሽ እጃቸውን ያዢ!"

ሲስተር አንድ ጊዜ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ተነስታ ሄደች፤ የእናትየውን የእጅ አንጓ ያዘች፤ ወዲያው ለሐኪሙ ጮኸች። ሐኪሙ መጣ፣ መርፌ ወጋቸው። ሲስተር ወደ ሚጡ ስትመለስ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

"ጠዋት" አለች ቀስ ብላ፣ "አንድ ሰው ራሱን ስቶ ተገኘ። አልጋ የምታነጥፈዋ ናት ያየችው። ስክሪኑ ግን ደህና ነው ይል ነበር። እኛ ደግሞ ተረኛዋን ነርስ፣ ያቺን ትንሿን፣ 'ተኝተሽ ነበር' ብለን አስለቅሰን ወደ ቤቷ ሰደድናት።"

"ሰውየውስ?"

"ተርፏል። እስካሁን።"

ያቺ "እስካሁን" የምትባል ቃል ሚጡ ጆሮ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች ሲስተር።

"ማሽኑን አጥፍቶ በስድሳ አራቱ ብቻ ማስነሳት ይቻላል። እነሱ ይሰማሉ፤ የሚያዩት እውነት ነው። ግን እስኪነሳ ድረስ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ለሁሉም አልጋ።"

"ከሚዋሽ ስክሪን ጨለማ ይሻላል" አለች ሲስተር፣ ነርሶቹንም ሰበሰበች። የመሣሪያዎቹ ድምፅ ካንድ ቦታ ነው የተዘጋው፤ እሱም ያው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ድምፃቸውን የሚከፍት የለም። ደግሞ መሣሪያዎቹ ከማሽኑ ጋር ካልተገናኙ ቁጥር አያሳዩም። ስለዚህ እያንዳንዱ አልጋ ጋ የሰው እጅ ይኑር ተባለ። ነርስ አልበቃ አለ። ጠያቂዎችም ተያዙ፤ አንጓ ላይ የት እንደሚነካ ሲስተር ራሷ እየዞረች የያንዳንዱን ጣት ይዛ አሳየቻቸው። የሚጡ ወንድም የአባቱን እጅ ያዘ።

ሚጡ ወደ አባቷ ስትሄድ ሲስተር አስቆመቻት። "አባትሽ ልጅ አላቸው። አንቺ ወደ መስኮቱ ሂጂ። እሳቸው ሰው የላቸውም።"

ሄደች። እናትየው እጃቸውን ሰጧት፤ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ቅጠል ስስ ነው። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አድርጋ "ጋሽዬ፣ ያጥፉት" አለች።

"አለቃው እዚህ ቆሟል" አለ ጋሽ ካፖርት። "አይሆንም ይላል።"

"ሲስተር ታውቃለች። ነግሬያታለሁ።"

በወዲያኛው በኩል አለቃው አንድ ነገር ሲል ተሰማት፤ በር በኃይል ሲዘጋም ተሰማት። ከዚያ ጋሽ ካፖርት "አጠፋሁት" አለ።

መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ያ ሰፊ ስክሪን ጥቁር ሆነ።

ልጆቼ፣ ያን ዝምታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሰው በየአልጋው አጎንብሶ፣ የሰው እጅ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። የሚያስል የለም። የሚያወራ የለም። ሚጡ ጣቷ ሥር ያቺን ትንሽ ምት ትፈልጋለች፤ ታገኛታለች፤ ትጠፋባታለች፤ እንደገና ታገኛታለች። ዓይኗ ሳታዘው ወደ አባቷ ይሄዳል። አባቷ ትክ ብለው ያዩዋታል። ሰምተዋል። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።

"ልጄ" አሉ እናትየው ቀስ ብለው፣ "የሚንቀጠቀጠው የኔ ልብ ነው ወይስ ያንቺ እጅ?"

"የኔ እጅ ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እንግዲያ ደህና ነኝ" አሉና ፈገግ አሉ።

ፈገግታው ከፊታቸው ሳይጠፋ ምቷ ቆመች። ሚጡ ጠበቀች። ተሳስቼ ይሆናል፣ ጣቴን አንሸራትቼ ይሆናል ብላ ጫን አደረገች። የለም። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ጩኸት ወጣት።

"ሲስተር! ቆሟል! ቆሟል!"

ሐኪሙ ዘሎ ደረሰ፤ ነርሶቹ እሷን ገፍተው መጋረጃውን ሳቡት። ሚጡ ከመጋረጃው ውጪ ቀረች፤ እጇ አሁንም የሰው አንጓ እንደያዘች በአየር ላይ ታጥፋለች። ከውስጥ "አንዴ ደግመህ!" ሲባል ትሰማለች። ደግሞ ዝም ይላል። ደግሞ "አንዴ!" ይላል። ስክሪኑ በራ፤ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሁሉም ተወዛወዙ፤ የአባቷም ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ስድስት አለ። እሷ ግን አላየችውም። የምታየው መጋረጃውን ነው።

ሲስተር መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። "ተመልሰዋል" አለች። "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ግን..." አልጨረሰችውም። ሚጡም ጨርሺው አላለቻትም። ስክሪኑን አምነው ቆይተው ቢሆን ኖሮ እናትየው ሞተውም ስድሳ ስድስት ይሉ ነበር። ሁለቱም ያንን ያውቃሉ።

ወደ አባቷ ሄደች። ወንድሟ እጃቸውን ገና አልለቀቀም።

"ያንቺ ነው?" አሏት አባቷ።

"አዎ፣ አባባ። የኔ ነው።"

"እኔኮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ነበር የዋልኩት" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"አሳፈርሽኝ ማለቴ አይደለም። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም።" እጃቸውን ዘርግተው የሷን ያዙ። "ብቻ ፈራሁ፣ ሚጡ። ዛሬ በጣም ፈራሁ።"

ወንድሟ ብርቱካኑን ገምሶ ግማሹን ለሷ ሰጣት።

በማግስቱ ሚጡ ትንሿን ነርስ ፈልጋ አገኘቻት። ሲስተር ቀድማ ይቅርታ ጠይቃታለች። ሚጡም ጠየቀች። ልጅቷ ግን ቶሎ አልማረቻትም። "ሰው የገደልኩ መስሎኝ ነው ያደርኩት" አለቻት፤ "አንቺ የዚያን ጊዜ የት ነበርሽ?" ሚጡ ልጅቷ የያዘችውን ሁሉ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ ቆማ ሰማቻት።

አለቃው ለብዙ ጊዜ አኮረፋት፤ ቢሆንም አላባረራትም፤ ሆስፒታሉ እሷን እንጂ ሌላ ሰው አናምንም ስላለ። ከጋሽ ካፖርት ጋር ሆነው ያን ኮድ ከመሠረቱ ጀምረው አነበቡት። ስም እየፈለጉ አልነበረም አሁን፤ እያንዳንዱን መስመር "አንተ ስትጠራ የሚሰማህ ማነው?" እያሉ ነው። ያቺ አቋራጭ ሌላም ቦታ ተደብቃ ተገኘች። ሌላም ቦታ። ባገኙ ቁጥር ጋሽ ካፖርት "አቤት ጉድ!" ይላል፤ ሚጡ ታስተካክላለች።

ማሽኑ እንደገና በሙሉ ፕሮሰሰሩ በተነሳ ቀን እሷ ቢሮ አልነበረችም። ሆስፒታሉ ውስጥ ከአልጋ አልጋ እየዞረች፣ መሣሪያዋን አይታ ስክሪኑን፣ ስክሪኑን አይታ መሣሪያዋን ስታስተያይ ዋለች። ሁሉም ልክ ነበር። አባቷም ድነው ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ የመስኮቱ እማማም እንደዚሁ። ግን ፍርሃት እንደገባ አይወጣም። አሁንም አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደዚያ ሆስፒታል ይወስዳታል፤ በነርሶቹ ጠረጴዛ በኩል አልፋ ትቆማለች፤ አንዱ ቁጥር እስኪወዛወዝ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ታያለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወሬዬ ይሄው ነው። አድጋችሁ ትልቅ ነገር የምትሠሩ ትሆናላችሁ፤ ቤት የምታሰፉ፣ ሰው የምታዙ። "ለሁሉም ተነግሯል" ያሏችሁ ቀን፣ እባካችሁ እኚያን በመስኮቱ በኩል ብቻቸውን የተኙትን እናት አስቧቸው።